ደረቁ ሞተር

የፍራፍሬ እርሻው ባለቤት አስከሬን ከገደሉ ከወጣ ሁለት ሰዓት አልሞላውም። ጠዋት ቁልቁለቱን ሲወርድ የባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክሉ ሞተር ተጣብቆ መዞር አቁሞ፣ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ ሰውየውን ገደል ወርውረውታል። አሁን ሞተር ሳይክሉ ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። መካኒኩ ግድግዳ ተደግፎ መርማሪዋን በፍርሃት ያያል።

መርማሪዋ አጠር ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘች፤ ደረቅ ነው። ከሥር ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን በቁልፍ ሞከረችው፤ ጥብቅ ብሏል።

«ዘይት የቀየርከው መቼ ነው?»

«ትናንት ከሰዓት።»

«አሮጌውን አፈሰስክ፣ ማጣሪያውን በአዲስ ቀየርክ። ከዚያስ?»

መካኒኩ ሊያስታውስ ሞከረ። ከዚያ ስልክ ተደወለ፤ ልጅህ ትምህርት ቤት ወድቃ ራሷን ስታለች ተባለ። ልጅቱ ዛሬ ደህና ናት። እሱ ግን የሚያስታውሰው መሮጡን ብቻ ነው። አዲሱን ዘይት ጨምሮ ነው የሄደው ወይስ ሳይጨምር?

«አላስታውስም። ቢገድሉኝ አላስታውስም።»

«ዘይት ሲያልቅ የምትበራው መብራትስ?»

«ከተቃጠለች ዓመት አልፏታል።»

«ምን ይጠየቃል!» ብላ የሟቹ ሚስት ከበሩ ጮኸች። «ረስቶ ገደለው! ነገ እርሻውን ለገዢው አስረክበን ልጆቻችን ጋ ልንሄድ ነበር!»

«ተይው እትዬ፤ ሰው አይደል? ይረሳል» አላት የሟቹ ታናሽ ወንድም። የውሃ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። የጎበጠ ምስማር እንኳ አቃንቶ ስለሚያስቀምጥ ሠራተኛው «ቋጣሪው» ይለዋል።

መካኒኩን ከሴትየዋ ጩኸት ይልቅ የሰውየው ርኅራኄ አስፈራው፤ ነገሩ ያለቀለት መሰለው። ያሳሰበው እስር ቤቱ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ገድሎ የልጁን ዓይን እንዴት እንደሚያይ ጨንቆታል።

«ጋራዡ ይቆለፋል?» አለች መርማሪዋ።

«ኧረ ምን ይቆለፋል!» አለ ቋጣሪው። «ከኔ በፊት የሚነሳ ሰው የለም፤ ጎህ ሲቀድ ፓምፕ አስነሳለሁ።»

«ለፓምፑስ ዘይት ትቀይርለታለህ?» አለችው።

«የት አባቱ!» አለ መካኒኩ ሳያስበው። «ቀይር ብዬ ለምኜው ለምኜው ዓመት ሆነው፤ የፓምፑ ዘይት እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ትናንት ጠዋትም አይቼዋለሁ።»

መርማሪዋ ሁለት ነጭ ሳህን አስመጣችና አንዱን ይዛ ወጣች። ስትመለስ በጨርቅ ሸፍናዋለች። ሦስቱንም ሰዎች አቅርባ፣ ሌላውን ሳህን ከሞተሩ ሥር አድርጋ ማጣሪያውን ፈታችው። መካኒኩ ዓይኑን ጨፈነ። ጠብ ጠብ ሲል ሰምቶ ገለጠ። ሳህኑ ላይ ማር የመሰለ ንጹሕ ዘይት አለ።

«ቡሎኑ ሲፈታ ዘይቱ ይወርዳል፤ ማጣሪያው የጠጣው ግን ይቀራል» አለች። «አዲስ ማጣሪያ ሲገባ ደረቅ ነው። ሞተሩ ዘይት ተሞልቶ ካልተነሳ ይህ እዚህ አይገኝም። አንተ ሞልተሃል፤ አስነስተህም ሞክረሃል። ልብህ ልጅህ ጋ ቢሆንም እጅህ ሥራውን ጨርሷል።»

መካኒኩ ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብሎ አየ።

«እንግዲህ ዘይቱን ያፈሰሰው፣ ቡሎኑንም መልሶ ያጠበቀው ሌላ ሰው ነው። መሬት ላይ ደፍቶት ቢሆን ኖሮ ማንነቱን ላውቅ አልችልም ነበር።» ጨርቁን ገለጠች። ያው ማር የመሰለ ዘይት ነው። «ይህን አሁን ከፓምፑ ቀዳሁት። ትናንት እንደ ሬንጅ የጠቆረውን ዛሬ ማን አነጣው?»

ቋጣሪው ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዝ አለው።

«ያባቴን መሬት ለባዳ ሊሸጠው...» ብሎ ሳይጨርሰው ወደ ሳህኑ ዞረ። «ጥሩ ዘይት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልሠራም። መድፋት አላስቻለኝም» አለ።

የሟቹ ሚስት ቀስ ብላ ቀረበችው።

«ለዘይቱ አዘንክለት» አለችው። «ለወንድምህስ?»

ቋጣሪው አቀረቀረ። መካኒኩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ በዘይት የጠቆረ እጁን እያየ አለቀሰ።