እርጥብ ብረት

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ካላመናችሁኝ አልቀየማችሁም። በድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎች በሞተር እየዞርኩ ከብት የምከትብ ሴት ነኝ፣ «ዓይን ገብቷት ነው፣ አትልፊ» ያሉኝን ፍየል በአንድ መርፌ አስነስቼ ባለቤቷን አሳፍሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ጂን ታየ፣ ሙት ተጣራ የሚባል ወሬ ሲነሳ ደግሞ ከሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። እህቴ ሮማን «አንቺ እኮ መልአክ ቢገለጥልሽም መጀመሪያ ትኩሳቱን ነው የምትለኪው» ትለኝ ነበር። እና ይሄን የማወራችሁ እንድትደነግጡልኝ አይደለም፣ ሁለት ክረምት ብቻዬን ይዤው ስለከበደኝ ነው።

አባባ የባቡር ሰው ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው እዚሁ ድሬ፣ የባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ነው፣ ሥራውን ለሰው ስነግር ቀልድ ይመስላቸዋል፣ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት እጀታው ረጅም በሆነ መዶሻ የፉርጎዎቹን የብረት ጎማ አንድ በአንድ እየመታ ማዳመጥ። ጤነኛ ብረት ያቃጭላል፣ ውስጡ የተሰነጠቀ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ካቃጨለ «ሂድ» ነው፣ ድፍን ከሆነ «ቆይ» ነው፣ በቃ። ስንት ዓመት ብረት ሲያዳምጥ ቀኝ ጆሮው ደንቁሮ ስለነበር ግራውን ወደ ብረቱ ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማው።

ጡረታ ከወጣም በኋላ አመሉ አልለቀቀውም። ከዚራ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ አባባ ያልመታው ነገር የለም፣ ሀብሀብ ይመታል፣ የውሃ በርሜል ይመታል፣ የበር ማጠፊያ ይመታል፣ እኔ ከመሥሪያ ቤት ሞተር ሲሰጠኝ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ቸርኬውን መምታት ጀመረ። መጀመሪያ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ጥርግ ያደርገዋል፣ «እርጥብ ብረት ይዋሻል፣ ጭቃም እንደዚያው» ይላል፣ ከዚያ በቀስታ መታ፣ ጆሮውን ዘንበል፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ «ሂጂ»። «አባባ፣ ይሄ እኮ ባቡር አይደለም» ስለው «ብረት ብረት ነው» ይለኛል። እየነጫነጭኩም ቢሆን ሳይመታልኝ ወጥቼ አላውቅም ነበር።

ከሁለት ክረምት በፊት ታመመ። አንድ ጠዋት ሲነሳ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ አፉም ተያዘ፣ ሐኪም ቤት ሰንብቶ ሲመለስ ቃል የሚባል አልቀረለትም፣ የሚንቀሳቀሰው ግራ እጁ ብቻ ነበር። ያን ዕለት ግን ሻል ብሎት ነበር፣ አጥሚትም ጠጣ፣ ስለዚህ ሥራ ልግባ አልኩ። ልሰናበተው ስገባ በሩ ጀርባ የተደገፈችውን መዶሻ ያያል፣ እኔን ያያል። «ዛሬ ሳይመታ ልሂድ፣ ማታ ሁለቴ ትመታልኛለህ፣ ከአሥር ሰዓት በፊት እመጣለሁ» አልኩት። እጅጌዬን ያዘኝ። አላቀቅኩት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኩት፣ ያውም እየሳቅኩ። ከሁሉም በላይ የምትቆጨኝ ይቺ ናት።

ቢዮ አዋሌ የሚባል ቀበሌ እየከተብኩ ስምንት ሰዓት ላይ ሮማን ደወለች።

«ሂሩት፣ አባባ ደክሟል፣ ነይ።»

«ምን ያህል?»

«ነይ አልኩሽ እኮ።»

የክትባት ሳጥኑን እዚያው አደራ ብዬ ተነሳሁ፣ ብዙም ሳልርቅ ዝናቡ ያዘኝ። የኛን ዝናብ ለማታውቁ፣ ብዙ ጊዜ አይመጣም፣ ሲመጣ ግን የዓመቱን በአንድ ቀን ሊጨርስ ነው የሚመጣው። የሄልሜቴ መስታወት ጉም ለበሰ፣ ስከፍተው ዝናቡ ዓይኔን እንደ ጠጠር ይመታኛል፣ ስዘጋው መንገዱን አላይም፣ ጭቃው ጎማውን ጠቅልሎት ሞተሯ እንደ ሰከረ ሰው ወገቧን ትጥላለች። ሁለቴ ወደቅኩ። ሁለቴም ተነስቼ፣ ፍሬን ሳልነካ፣ እግሮቼን ከግራና ከቀኝ መሬት እያስነካሁ ነዳሁ፣ «ጠብቀኝ፣ ጠብቀኝ» እያልኩ ብቻዬን እለፈልፋለሁ። ደግሞ የኛ አገር ጣጣው እናንተ ላይ የሚዘንበው አይደለም፣ ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ነው፣ ደረቅ አሸዋ የነበረውን ወንዝ ሳታስቡት ሞልቶት ይመጣል፣ ስለዚህ ዋናው ነገር ከመሙላቱ በፊት መሻገር ነው።

መንገዱ ላይ ግራና ቀኟን የብረት መደገፊያ ያላት አንዲት ጠባብ ድልድይ አለች። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ደረስኩ። ሌሊት አይደለም፣ ሰማዩ ጠቆረ እንጂ ቀን ነው፣ ውሃውም ገና ታች ነበር። ማርሽ ቀንሼ ልገባ ስል ድምፁን ሰማሁት።

ዱ። ትንሽ ቆየት ይልና እንደገና፣ ዱ።

እመኑኝ፣ በዚያ ዝናብ የራሴን ሞተር እንኳ በቅጡ አልሰማም ነበር፣ ይሄን ግን ጆሮዬ ሥር እንዳለ ነው የሰማሁት፣ ብረት በመዶሻ ሲመታ፣ ድፍን ሆኖ። እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ፍሬን ያዘ። ያደግኩበት ድምፅ ነው፣ «ቆይ» ማለት ነው።

ሄልሜቴን አውልቄ ሳይ ድልድዩ ማዶ ጫፍ ላይ አንድ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ መደገፊያውን ይመታል። የመንገድ ሠራተኛ ነው አልኩ፣ በዚህ ዝናብ ምን አመጣው አልኩ፣ ከዚያ መታና ግራ ጆሮውን ወደ ብረቱ ዘንበል አደረገ። የሚመታው በግራ እጁ ነበር፣ እንዳልለመደ ሰው፣ መዶሻው እየከበደው። አባባ ደግሞ ጤነኛ እያለ በግራው ማንኪያም ይዞ አያውቅ።

«አባባ!» ብዬ ጮህኩ። እኔ፣ የምስቀዋ ሴትዮ።

ቀና ብሎ አላየኝም። እንደገና መታ። ዱ።

ከኋላዬ ጭነት የያዘ አይሱዙ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ መስኮቱን አውርዶ «አቦ፣ መሀል መንገድ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«ድልድዩ ጤነኛ አይደለም» አልኩት።

«ማን አለሽ?»

«ያውልህ፣ እየመታው ነው፣ አታየውም?»

አንገቱን አውጥቶ ወደ ድልድዩ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ድምፁ ለስለስ አለ። «እህቴ፣ ወላሂ ማንም የለም፣ ዝናብ ነው። ነይ ሞተርሽን ከላይ እንጫናት፣ አንቺም ጋቢና ግቢ፣ ሳይሞላ እንሻገር።»

«አባቴ ታሟል» አልኩት፣ ለምን እንደነገርኩት እንጃ።

«እና! አባት ታሞ ይቆማል እንዴ?»

«ቆይ እያለኝ ነው።»

«ያ ረቢ» አለ ለራሱ፣ ከዚያ «ሀዬ፣ እንደፈለግሽ» ብሎ ማርሽ አስገባ። ድልድዩ ላይ ሲወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ማዶ ደርሶ ቀይ መብራቱ እየራቀ ነበር። ድልድዩ ፍንክች አላለም። አስቡት እንግዲህ፣ ይሄን በዓይኔ አይቼም አልተከተልኩትም፣ ምክንያቱም ሰውየው አሁንም እየመታ ነው፣ እንደውም አፍጥኖታል፣ ዱ፣ ዱ፣ ዱ፣ መሀሉ ላይ ማዳመጡንም ትቶታል። ያኔ ማሰብ ነበረብኝ፣ አባባ አንድ ጎማ ከሁለቴ በላይ መትቶ አያውቅም፣ «የታመመ አንዴ ከተናገረ ይበቃል» ይል ነበር። አላሰብኩም። እያለቀስኩ፣ እንደታዘዘች ልጅ ቆሜ ጠበቅኩ።

ከዚያ አንዴ ጠንከር አድርጎ መታና አቆመ። ዝናቡ እየወረደ እንዴት ጭር ሊል እንደሚችል ልነግራችሁ አልችልም፣ ግን ጭር አለ። ፊቴን ጠርጌ ቀና ስል ማንም የለም።

ጎርፉ የመጣው ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው፣ ግንድና ድንጋይ ይዞ መጥቶ ድልድዩን ዋጠው። በሃያ ደቂቃ ያንን ድልድይ ስንት ጊዜ በተመላለስኩበት። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ውሃው ሲጎድል ድልድዩ ጭቃ ለብሶ ቆሞ ነበር፣ እስከዛሬም አለ።

ከዚራ ስገባ የማውቃቸው ሰዎች ሲያዩኝ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሰማውን እኔ የሰማሁት በራችን ላይ የእድር ወንበር ከጋሪ ሲወርድ ሳይ ነው። ሞተሯን የት እንደጣልኳት አላስታውስም። ሮማን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «የት ነበርሽ?» አለችኝ።

የቀረውን የነገረችኝ በሦስተኛው ቀን ነው፣ ለቀስተኛው ሳሳ ብሎ ሁለታችን የአባባ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠን። የድሮ የብረት አልጋ ነው፣ ራስጌው ዘንግ ዘንግ ያለው።

«ሾርባ ላጎርሰው ስል ማንኪያውን ከእጄ ወሰደና ይሄን ብረት መምታት ጀመረ። ይመታል፣ ያዳምጣል፣ በሩን ያያል። ተው አባባ ብለው እምቢ አለኝ። በኋላማ ማዳመጡንም ትቶ ዝም ብሎ ይመታል፣ ይመታል...»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ዘጠኝ አልፏል። ማንኪያው ከእጁ ሲወድቅ ሰዓት አይቻለሁ፣ ዘጠኝ ከሩብ ነበር።»

«ሮሚ፣ ድምፁ እንዴት ነበር?»

ግራ ተጋብታ አየችኝ። «እንዴት ማለት? ብረት ነዋ፣ ያቃጭል ነበር፣ ቤቱን በሙሉ። ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ወጥቼ ጓሮ ቆሜ፣ አፌን በሻሼ አፍኜ አለቀስኩ። ቤት ውስጥ ሲያቃጭል የነበረ እኔ ጋ እንዴት ድፍን ሆነ? የሱ «ሂጂ» መንገድ ላይ «ቆይ» ሆኖ ነው የደረሰኝ?

አርባው ካለፈ በኋላ መዶሻዋን ሞተሬ ላይ አስሬ ወደዚያች ድልድይ ሄድኩ። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ወንዙ አሸዋ ብቻ ሆኗል፣ ፍየሎች መሀሉ ተኝተዋል፣ እንኳን ጂን ጥላም የለ። መደገፊያው ላይ የጎርፉ ጭቃ ደርቆ ወፍራም ሆኖ ተጣብቋል። እኔ በቆምኩበት በኩል መታሁት። ዱ። ያው ድምፅ፣ የዚያን ቀኑ። «አየሽ፣ ስንጥቅ ነው፣ ልጁን አዳነ» አልኩ ለራሴ፣ ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ እጄ ለምን እንደሆነ እንጃ የሐዘን ሻሼን ከራሴ ፈታ፣ ጭቃውን ፈቅፍቄ ብረቱን ጥርግ አደረግኩት፣ እንደገና መታሁ።

አቃጨለ። ጥርት ብሎ፣ ፍየሎቹ ቀና እስኪሉ ድረስ።

ብረቱ ጤነኛ ነው። ያን ቀንም ጤነኛ ነበር፣ እርጥብ ነበር እንጂ፣ እና እርጥብ ብረት እንደሚዋሽ ስንት ጠዋት ነግሮኛል። ሲጠራኝ ኖሯል፣ ነይ፣ መንገዱ ሰላም ነው፣ ድረሺብኝ እያለኝ፣ እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ ጥሪ ቆሜ ሰማሁት። መሬት ላይ ተቀምጬ «አባባ ይቅር በለኝ» አልኩ፣ ለማን እንደምናገር ሳላውቅ ደጋግሜ አልኩት።

ልነሳ ስል ከማዶው ጫፍ አንድ ምት ተሰማ። አንድ ብቻ። ሰው የለም፣ ንፋስ የለም፣ ፍየሎቹም ከሥር ናቸው፣ የራሴ ምት በብረቱ ሄዶ ተመልሶ ይሆናል፣ እንዲህ ነው ለራሴ የምለው። ድፍን ነበር፣ «ቆይ» የሚለው ድምፅ። ግን የዚያኛውን ጫፍ ጭቃ አልጠረግኩትም ነበር፣ ይዋሽ ወይ እውነት ይናገር በምን አውቃለሁ፣ ሄጄ ልጠርገው ብልም እግሬ እምቢ አለኝ፣ እስከዛሬም አልጠረግኩትም።