ባለ ሁለት ወንበሯ

«ድገሚ!» አለ አጎቷ፣ ጭንቅላቱ ከተከፈተው ኮፈን ስር እንደተቀበረ።

ልጅቷ ቁልፉን አዞረች። ቀይዋ ባለ ሁለት ወንበር የውድድር መኪና ተንቀጠቀጠች፣ ሞተሯ ጉርምርም አለ፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ትንፋሿ ቁርጥ!

«ይቺ አሮጊት እየቀለደችብኝ ነው!» አለ አጎቷ። ሰፈሩ «ስፓና» ይለዋል፤ ተኝቶም ስፓናው ከእጁ አይለይም። «ባትሪው አዲስ፣ ቤንዚኑ ንጹህ፣ ካንዴላውን ጠርጌያለሁ። ትናንት እኮ ልትነሳ ትንሽ ነበር የቀራት!»

መኪናዋ የእናቷ ናት። ልጅቷ ሳትወለድ እናቷ ትወዳደርባት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ አቧራ ለብሳ ተኝታለች። የእናት ቃል ደግሞ አጭር ነው፦ «ዛሬ ከተነሳች ትቆያለች። ካልተነሳች ከሰዓት ብረት ገዢው ይወስዳታል።»

ልጅቷ አንድ ነገር ካልገባት እንቅልፍ የላትም። የሚነሳ ሞተር ለምን ይታነቃል?

«ጋሼ፣ እስቲ አንተ ሞክራት» ብላ ወደ ኋላ ዞረች፤ መዳፏንም ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ደቀነች። ሞተሩ አጓራ። መዳፏ ላይ ግን ሽው ያለ ነገር የለም። ጣቷን ከተተች። ለስላሳ ነገር ነካች፤ ጎትታ አወጣችው።

አይጥ የጎተተው ቡትቶ አይደለም። ትናንት በገዛ እጇ አጥባ ያሰጣችው ባለ ሰማያዊ መስመር የወጥ ቤት ጨርቅ ነው። ገና ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ምን አገኘሽ?»

«ቆይ፣ መጣሁ!»

ወጥ ቤት እናቷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጨርቁን ስታይ ቢላዋው ቆመ።

«እማዬ፣ ለምን?»

«አንቺ ልጅ መቼም ሳትጎረጉሪ አትውይም!» ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ትናንት ድምጿን ስሰማ ጨርቁን ይዤ ወጣሁ። ከተነሳች ‹ንጂያት› ልትሉኝ ነው። ድሮ መሪ ስይዝ ሰው ሁሉ ያጨበጭብልኝ ነበር። ዛሬ ከበር ሳልወጣ ግድግዳ ብገጭስ? አንቺ እያየሽኝ?»

«እኔ እኮ መሪ ይዘሽ አይቼሽ አላውቅም። ግድግዳ ብትገጪም ለኔ አዲስ ነው።»

እናቷን ሳቅ አመለጣት። ግን ተመልሳ ሽንኩርቷን ትከትፍ ጀመር።

ጋራዡ ውስጥ ስፓና ካንዴላዎቹን እንደገና እየፈታ፣ እየተራገመ ነው። ልጅቷ አንዲት ቃል ብትነግረው መኪናዋ አሁኑኑ ትነሳለች፤ ብረት ገዢውም ባዶ እጁን ይመለሳል። ጨርቁን በእጇ አገላበጠችው። ከዚያ አጎቷ ሳያያት ወደነበረበት መለሰችው፤ ጫፉን ግን እናቷ ራሷ ለመጎተት እንዲመቻት ወጣ አድርጋ ተወችው።

የሾፌሩን ወንበር ትታ ከጎኑ ባለው ተቀመጠች።

«ምነው? ቁልፉን ማን ሊያዞርልኝ ነው?» አለ ስፓና።

«ትንሽ እንጠብቅ፣ ጋሼ።»

ከወጥ ቤት የሚመጣው የቢላዋ ድምፅ ቆመ። ልጅቷ ዞር ብላ አላየችም፤ ቀበቶዋን አሰረች።