አንድ የሥልጠና ቦታ፣ ሁለት ረዳቶች

የእንስሳት ክሊኒኩ ዋና ረዳት ጠዋት ለሕክምና በገባች በቅሎ ጋጣ ውስጥ፣ ከኋላ እግሮቿ ሥር ሞቶ ተዘርሮ ተገኘ። ግንባሩ ላይ የኮቴ ብረት ቅርጽ ታትሟል። ሁሉም በአንድ አፍ «በቅሎ ረገጠችው» አሉ። መርማሪዋ ግን በዋዛ የምታምን ሰው አይደለችም፤ ባልደረቦቿ «እሜቴ እንዴት» የሚል ስም ያወጡላትም ለዚሁ ነው።

«እንዴት ረገጠችው?» አለች ገና ከመግባቷ።

«በቅሎ አይደለች? አመሏ ነዋ!» አለ ሁለተኛው ረዳት። «እኔ እንደሆነ ትናንት ገጠር ከብት ስከትብ ውዬ ስመለስ መሽቶ ነበር። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እዚህ ጋጣ ድርሽ አላልኩም!»

የሰሞኑ ወሬ መርማሪዋ ጆሮ ደርሷል። ረዳቶቹ ምን ሥልጠና እንደሚያስፈልጋቸው የሚያጠና ባለሙያ መጥቷል፤ ያለው ቦታ ግን አንድ ብቻ ነው። ሠልጥኖ የተመለሰ የቀዶ ሕክምናውን ሥራ ይይዛል፣ የቀረው ባልዲ እንደተሸከመ ያረጃል።

«እንግዲህ ቦታው ላንተ ሆነልሃ» አለች፣ ቀልድ አስመስላ።

«ድሮስ እሱ እያለ እኔ መች ሰው ሆኜ አውቃለሁ? ላም ስታምጥ እሱ፣ ውሻ ሲሰበር እሱ፣ ሐኪሙ ሲያመሰግኑ እሱ!»

ጉድ ነው! በሬሳ የሚቀና ሰው አይታ አታውቅም። የበቅሎዋን የኋላ እግሮች ተራ በተራ እያነሳች አየች፤ ከዚያ ሽማግሌውን ዘበኛ ጠራች።

«ጋሼ፣ ይቺን በቅሎ ትናንት ቀን ማን ነካት?»

«እሱው ነዋ፣ ነፍሱን ይማረውና። ሰኮናዋ ቆስሎ ሐኪሙ ‹አውልቁላት› ቢሉ፣ እኔ እግሯን ይዤ እሱ የኋላ ብረቶቿን ነቀለላት፣ ልጄ።»

ሐኪሙን፣ ዘበኛውን፣ ረዳቱንና አጥኚውን መድኃኒት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ማታ ግቢው ሲቆለፍ አጥኚው ሆቴሉ ነበር፤ ከሟቹ ጋር የቀራችሁት ሦስታችሁ ናችሁ። የበቅሎዋ የኋላ እግር ደግሞ ብረት የለውም። ብረት የሌለው እግር የብረት ቅርጽ ከየት ያመጣል? ሰው ነው በብረት የመታው፤ በበቅሎዋ ለማሳበብም ከኋላዋ አስተኛው። ሐኪም፣ ብረቱን ያስወለቁት እርስዎ ነዎት። ጋሼም እግሯን ይዘዋል። ሁለታችሁም እንደሌላት እያወቃችሁ በብረቷ አታሳብቡም። አሁንም ብረት ያላት የመሰለው ገጠር የዋለው ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ረዳቱ ዞሩ።

«እሱ ነው ቀድሞ የገደለኝ!» ብሎ ጮኸ ረዳቱ። «ከአጥኚው ጋር ሲሳሳቅ በመስኮት አየሁት! ይሄንንም ሲወስድብኝ ቆሜ ልይ? አንጀቴ አረረ፣ ከአሮጌ የኮቴ ብረት ክምር አንዱን አነሳሁ...»

አጥኚው ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንተ ሰው፣ ሥልጠና ለጎበዝ የሚሰጥ ሽልማት መሰለህ? ለጎደለው እኮ ነው! ያኔ የምናወራው ስላንተ ነበር። ‹መርፌ ሲይዝ እጁ ይርዳል እንጂ ሥራ ይወዳል፤ እሱን ላኩልኝ› አለኝ። ስምህን ልኬ ጨርሻለሁ።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ ዘበኛው፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

«የኔን ስም?» አለ ረዳቱ። ደግሞ ጠየቀ። መርማሪዋ ካቴናውን ስታጠልቅለትም «የኔን ነው?» ማለቱን አልተወም።