የፔንግ ገመድ

የባቡር ሐዲድ ከባንኮክ ወደ ሱሪን ከመድረሱ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ዝናቡ አባርቶ የሙን ወንዝ ሲጎድል፣ ጫካውም ለዝሆን አደን ሲከፈት፤ ኩይ የሚባለው ሕዝብ የዝሆን አዳኞች አለቃ ታላቁ ፔንግ ከቤቱ ሳይወጣ አደን ሄደ።

እንዴት ቢሉ፣ እርጅና ነዋ! የዝሆን አንገት ቆንጥጦ ይይዝ የነበረው ጭኑ ሟሟ፤ ጡንቻው አልቆ ቆዳው ተንጠለጠለ፤ ልቡናውም ጥሎት ሄደ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ አዳኞች በጫካ ብቻ የሚነጋገሩበትን ቋንቋ ሲናገር ይውላል። ሚስቱ ዱአንም፣ ባሏ አደን የወጣባት ሴት እንደሚገባት፣ ቤት አልጠረገችም፤ ፀጉሯን አላበጠረችም፤ እንግዳም አላስገባችም።

ምክትሉ ኬን ከደረጃው ሥር ቆሞ ተጣራ። "እመት ዱአን! አገረ ገዢው ዝሆን አምጡ ብለዋል። የአለቃውን የዝሆን መያዣ ገመድ ከተሰቀለበት አውርደው ይስጡን እንጂ! እሳቸው እንደሆነ ስማቸውንም ረስተዋል።"

"አንተ ጅል! አለቃ በገዛ እጁ ያላስረከበውን ገመድ ማን ይነካል? ሲሞት ከእሱ ጋር ይቃጠላል እንጂ!"

ገመዱ ከተቃጠለ የቤቱ ማዕረግ አከተመ ማለት ነው። ልጁ ቲት በአባቱ ፊት ተንበርክኮ ገመዱን እንዲያስረክበው ለመነ።

"ማነህ አንተ?" አለው ሽማግሌው። "አዳኞች ሰፈር እንግዳ አያድርም።"

ቲት እንባው መጣ።

"ምን ያነፋርቅሃል?" አለች እናቱ። "አባትህ ያለው ጫካ ነው፤ ጫካ ሄደህ አግኘው!"

አሮጌውን አለቃ ገመዱን በገዛ እጁ አስይዘው በለማዳ ዝሆኑ አንገት ላይ አወጡት። "እንደ ሩዝ ነዶ ሊወድቅ ነው!" ብሎ ኬን ሣቀ። ቲት ግን ከኋላ ተቀምጦ ወገቡን አቀፈው። ጭኑ አልጨብጥ ቢልም የእግሩ ጣቶች የዝሆኑን ጆሮ ሥር አገኙ፤ ዝሆኑም እሺ ብሎ ነጎደ።

ጫካ ደርሰው አዳኞቹ እንደየማዕረጋቸው እሳቱን ከበቡ። ፔንግ ዙሪያውን ቃኘ።

"ከኋላዬ የነበረው ማነው?"

"ልጅዎ ነው፣ ጌታዬ" አለ ኬን።

"ልጅ አላውቅም። አዳኝ ግን አውቃለሁ፤ ጭኔ ሲከዳኝ የዚህ ሰው ክንድ አልከዳኝም።" ገመዱንም በቲት ትከሻ ላይ ጣለ። ከሁሉ አስቀድሞ ለቲት የሰገደው ኬን ነበር።

በዚያ ዓመት የተያዘው ዝሆን ባንኮክ ሲገባ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ጥርሱ ሲወራለት ኖረ። ስለ ሽማግሌው ጭን ያወራ የለም። አባትህ "ልጄ" ሳይልህ ሞተ የሚሉትን ግን ቲት ደረቱን ነፍቶ "ልጅማ የወለዱት ሁሉ ነው፤ እኔን አዳኝ ብሎኛል" ይላቸው ነበር።