የማን እሳት ነበር?

ዘፋኟ ሔዋን የሞተችው የኮሌጁ የባህል ቀን ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ኢንስፔክተር አመተ ሥላሴ ስትደርስ ልጅቷን ከባህል ቡድኑ የዕቃ ክፍል አውጥተው በረንዳው ላይ አጋድመዋታል። ጋቢ አልብሰዋታል፤ ፊቷ ላይ የሥቃይ ምልክት የለም። የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ክፍሉ ውስጥ፣ ተኝታበት ከነበረው ፍራሽ አጠገብ፣ አብዛኛው አመድ የሆነ የከሰል ምድጃ ይታያል።

በደብረ ማርቆስ ብርድ የተዘጋ ቤትና ከሰል ሰው መግደላቸው አዲስ ነገር አይደለም። ሔዋን ጉንፋን ይዟት፣ ለነገ ድምፄ ይመለስልኝ ብላ፣ ክኒን ውጣ፣ ሌሎቹ እስኪለማመዱ እዚያው በሩን ዘግታ ተኝታ ነበር። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች «በርዷት ምድጃውን አስገባች፣ ጭሱ ገደላት» ብለው ጨርሰዋል። አመተ ሥላሴ ግን ሰው ከሞተበት ቤት ቸኩሎ መውጣት የማይሆንላት ሴት ናት። ባልደረቦቿ በዚህ ጠባይዋ ሲያሟት ይውላሉ፤ እሷም ታውቃለች፤ ግድም የላት።

«ከሰሉን ማነው ያቀጣጠለው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ የቡድኑ ከበሮ መቺ ዓለምነው። ከደረጃው ሥር ጭቃ ላይ ተቀምጧል። «በዝናብ ጊዜ የከበሮ ቆዳ ይላላል፤ ፍም ካላሞቀው ድምፅ የለውም። እዚሁ በረንዳ ላይ አሙቄው ለልምምድ ወደ አዳራሽ ሄድኩ። ፍሙን ሳላጠፋው! እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«አንተ ወደ ውስጥ አላስገባኸውም?»

«ኧረ በስመ አብ! እሷ ተኝታ?»

ዓለምነውና ሔዋን ከምረቃው በኋላ ለመጋባት ቃል ተገባብተው ነበር። አባቷ ቄስ አካለ ወልድ ከአማኑኤል ከተማ በሚኒባስ ደርሰው የልጃቸውን ግንባር ሳሙ። ከዚያ ወደ ዓለምነው ዞሩ።

«ያንተ እሳት ነው» አሉት። «ቀብሯ ላይ ዓይንህን እንዳላይ!»

ልጁ አንገቱን ደፋ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ምድጃውን ከበረንዳ ወደ ክፍሉ ያስገባው ማነው? ሔዋን ራሷ ከሆነች፣ ዓለምነው እሷን ቆሞ ሳይቀብር፣ ገዳይዋ ነኝ እያለ ዕድሜውን ይገፋል።

አመተ ሥላሴ ወደ ክፍሉ ገባች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሙቀቱ ገና አልወጣም። አንዲቷ መስኮት ከውስጥ እንደተቀረቀረች ናት። ግድግዳው ላይ ከፍራሹ በላይ አንድ ክራርና ሦስት ማሲንቆዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። የክራሩን ቆዳ በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ ደርቆ እንጨት ሆኗል። የመጀመሪያው ማሲንቆ ቆዳ ከጠርዙ ተሰንጥቋል። ሁለተኛውም ተወጥሮ ሊፈነዳ ደርሷል። ሦስተኛውን በአውራ ጣቷ ስትጫነው ግን ረገብ አለ፤ ቀዝቃዛ ነው፤ እርጥበቱ እንኳ አልለቀቀውም። ጣቷን ሳታነሳ ጥቂት ቆየች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የቡድኑን አሠልጣኝ ደመላሽን ነው።

«በሔዋን የሚቀና ሰው ነበር?»

ደመላሽ ሳቅ ሊመጣበት ሲል ያለቦታው መሆኑ ገባውና ዋጠው። «ኢንስፔክተር፣ ይሄ እኮ የባህል ቡድን ነው። የማይቀና ማን አለ? መስከረም ላይ ለመስቀል ዝግጅት ሔዋን በየሺዋስ ማሲንቆ ብቻ ዘፈነች። ሁለቱም ያማኑኤል ልጆች ናቸው፤ አብረው ነው ያደጉት። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ለጥምቀት ሰሞን ዝግጅት ከበሮ ጨመርን። ሚያዝያ ላይ ለማርቆስ በዓል ሲሆን ማሲንቆው ከኋላ ተቀመጠ።»

«ለነገውስ?»

«ለነገው ማሲንቆውን አወጣነው። ሔዋን ናት የጠየቀችኝ፤ በከበሮ ብቻ ልዝፈን አለች።»

«የሺዋስ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። እሺ ብሎ ወጣ።»

ተቀያሪዋ ዘፋኝ አርሴማ ዓይኗ አብጦ መጣች። የሔዋንን የመድረክ ቀሚስ እንደለበሰች ነው፤ ሰዉ ሁሉ ይህን አይቶ አፉን ይዟል።

«ቀሚሱን ለምን ለበስሽው?»

«ልለካው ነበር» አለች አርሴማ፣ ከዚያም በአንዴ ገነፈለች። «ምን ልደብቅዎ? ቀንቼባታለሁ! ዓመቱን ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ የሷን ዘፈን በከንፈሬ ስል ከረምኩ። ጉንፋን ሲይዛት ደስ አለኝ። ግን እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ሞቷን አልተመኘሁም። ቀሚሱን ለብሼ ላሳያትና ላናድዳት ነው የሄድኩት። ብነካት፣ ብነካት... ዝም!»

«ጮኽሽ። ከዚያስ?»

«ሁሉም ከያለበት ሮጦ መጣ። ዓለምነው በብብቷ፣ እኔና ጋሽ ደመላሽ በእግሯ ይዘን አወጣናት። የሺዋስ ብቻ እኛን አልፎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ጭሱ እንዲወጣ መስኮት ሊከፍት ይመስለኛል። ጋቢ ደርቦ ነበር።»

«መስኮት ሊከፍት» አለች አመተ ሥላሴ ቀስ ብላ።

የሺዋስ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ሲቀመጥ እጆቹን ጭኑ መሃል ከተታቸው።

«ማሲንቆህ የትኛው ነው?»

«ሦስተኛው። ያባቴ ነበር፤ ሲሞት ለኔ ተወልኝ።»

«ዛሬ ተጫወትክበት?»

«የት ብዬ? ማን ሊሰማኝ?» ድምፁ ሻከረ። «ከትናንት ጀምሮ ከምስማሩ አልወረደም። እኔም ወደ ዕቃ ክፍሉ ዝር አላልኩም። መኝታዬ ነበርኩ፣ ጩኸት ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«በረንዳው ላይ እሳት መኖሩን ታውቅ ነበር?»

«በምን አውቄ?»

በማግሥቱ ጠዋት፣ አስከሬኑ ከሐኪም ምርመራ ተመልሶ መኪናው በር ላይ ሲቆም፣ አመተ ሥላሴ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ለባህል ቀን የተሰቀለው ባንዲራና አበባ ገና አልወረደም። ቄስ አካለ ወልድ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የሺዋስ አጠገባቸው ነበር፤ የአገሬ ልጅ ናት፣ አስከሬኗን እኔ ልሸከም ብሎ ከትናንት ማታ ጀምሮ ከጎናቸው አልተለየም። ዓለምነው ከኋላ፣ ከበሩ ጥግ ቆሟል።

«አባ፣ አላቆይዎትም» አለች። «ሐኪሙ የከሰል ጭስ ነው ብሏል፤ በዚያ አንከራከርም። እሳቱን ማን አስገባው ነው ጥያቄው። እስካሁን ሁላችንም ሔዋን ናት ብለናል። ትናንት ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የሙዚቃ መሣሪያዎች ነካሁ። ዓለምነው፣ የከበሮ ቆዳ እሳት ሲነካው ምን ይሆናል?»

«ይወጠራል።»

«ብዙ ሰዓት ከቆየስ?»

«ይሰነጠቃል።»

«ክራሩ ደርቋል። አንዱ ማሲንቆ ተሰንጥቋል፣ ሌላው ሊሰነጠቅ ደርሷል። ሦስተኛው ግን ከነእርጥበቱ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ግድግዳ፣ አንድ እሳት! ሙቀት መርጦ አይነካም። እንግዲህ ያ ማሲንቆ ምድጃው ሲነድ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። አንድ ሰው ቀድሞ አውጥቶታል። ለምን? እሳት ሊገባ መሆኑን ስላወቀ። ተኝታ የነበረችው ሔዋን ልታወጣው ብትችል እንኳ፣ ከሞተች በኋላ መልሳ ልትሰቅለው አትችልም።»

ደመላሽ ቀስ ብሎ ወደ የሺዋስ ዞረ። አርሴማ አፏን በእጇ ያዘች።

«ማሲንቆው የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባለቤቱ ከምስማሩ አልወረደም ብሎኛል። እሳት መኖሩንም አላውቅም ብሎኛል። ሰው ሁሉ ሔዋንን ይዞ ሲወጣ ጋቢ ደርቦ ወደ ውስጥ የገባው እሱ ብቻ ነው። መስኮት ሊከፍት መስሏችሁ ነበር። መስኮቷን እኔ ስደርስ እንደተቀረቀረች አገኘኋት። የሺዋስ፣ ከጋቢህ ሥር ምን ይዘህ ነበር?»

 የሺዋስ ከቄሱ አጠገብ እንደተቀመጠ ማልቀስ ጀመረ።

«ራሷን እንዲያማት ብቻ ነበር» አለ። «ታማ እንድትቀር። ዛሬ ከሱ ከበሮ ጋር እንዳትዘፍን! እኔ ነኝ ዘፈን ያስተማርኳት። አማኑኤል እያለን ከኔ ማሲንቆ ሌላ ድምፅ አታውቅም ነበር። መጥቶ ወሰዳት። መድረኩንም እሷንም ወሰደብኝ። እና እኔ ደግሞ ከኋላ ተቀምጬ ላጨብጭብላቸው? አልቻልኩም! ተመልሼ ላወጣው ነበር፣ ፈራሁ... ትሞታለች ብዬ አላሰብኩም።»

አይ ቅናት! ዓመት ሙሉ ሰው ሳያየው ልቡን ሲበላው ከርሞ፣ ሲናገረው እንኳ የሚያስበው ስለ ራሱ ነበር።

«ለአባትህ ማሲንቆ አሰብክለት» አለች አመተ ሥላሴ። ድምፅዋን አላነሳችም። «እሳት የሚያደርገውን አውቀህ፣ በቀስታ ከምስማሩ አወረድከው። ሔዋን እግርህ ሥር ተኝታ ነበር። እሱን በጋቢ ጠቅልለህ ይዘህ ወጣህና በሩን ዘጋህባት።»

 ሁለት ፖሊሶች ክንዱን ይዘው አስነሱት። ሲያልፍ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

 የሺዋስን ክርስትና ያነሱት ቄስ አካለ ወልድ ናቸው፤ ሌሊቱንም ያጽናኑት ነበር። በመጨረሻ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱና በወንበሮቹ መሃል ወደ ኋላ ሄዱ። ዓለምነው ሲመጡ አይቶ ከበሩ ሊወጣ ዞረ።

«ቁም» አሉት።

ቆመ።

«አባ፣ ፍሙን ሳላጠፋው ነበር የሄድኩት» አለ። «እሱ ቢያስገባውም ያነደድኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ ከበሮ ልታሞቅ ነው ያነደድከው። እኔ ግን ሳልጠይቅ ፈረድኩብህ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ዓለምነው ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል አዛውንቱ ትከሻውን ይዘው አቀኑት። ከውጭ የመኪናው ሞተር ይሰማል።

«እናቷ አማኑኤል ደጃችን ላይ ቆማ እየጠበቀች ነው» አሉት። «ብቻዬን ልገባባት አልችልም። ና፣ አብረን እንግባ።»