ሁለተኛው ምድብ

ራዶስቲና አምስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። ሕንጻው ሊፍት የለውም። በሩን ከማንኳኳቷ በፊት ኮቷን አስተካክላ ፊቷን ኮስተር ልታደርግ ስትሞክር፣ በሩ ራሱ ተከፈተ።

«ሦስተኛው ላይ አረፉ፤ አራተኛውም ላይ አረፉ» አላት የከፈተው ሰው። «ከታች ጀምሮ እግርዎን እየሰማሁ ነበር። እዚህ ቤት ሌላ የሚሰማ ነገር የለም።»

ትከሻው ሰፊ፣ ቁመቱ በሩን የሚሞላ ሰው ነው። ወገቡ ላይ ባለአበባ የሴት ሽርጥ አገልድሟል። ሊያወልቀው እጁን ሰደደና መልሶ ተወው።

«ማነው ካሎያን?» የሚል የአሮጊት ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«ከዩኒቨርሲቲ ነው እማ፤ ለጥናቱ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት።»

«ቆንጆ ናት?»

ካሎያን ራዶስቲናን አየት አደረጋትና ጆሮው ቀላ። «እየሰማችሽ ነው እማ!»

«ትስማ! እኔ የጠየቅኩት አንተን ነው።»

ጥናቱ የልብ ድካም ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው የወጡ አረጋውያን፣ ወር ሳይሞላቸው ለምን ተመልሰው እንደሚገቡ የሚመረምር ነበር። ከዳኑብ ወንዝ ዳሯ ከተማ ከሩሴ ሁለት መቶ ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለዋል። ለመጀመሪያው ምድብ በየሳምንቱ ነርስ ቤት ድረስ ትሄዳለች፤ ትመዝናቸዋለች፣ ኪኒናቸውን ታያለች፣ ጓዳቸውን ትፈትሻለች። ሁለተኛው ምድብ እንደ ወትሮው ከሆስፒታል የተሰጠውን ወረቀት ይዞ ይቀመጣል። ልዩነቱ ከታየ ሚኒስቴሩ ለአገሩ አረጋውያን ሁሉ ነርስ ይመድባል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል። የጥናቱ መሪ ፕሮፌሰር ኢስክራ ስድስት ዓመት የለፉበት ሐሳብ ነው።

ራዶስቲና ከሁለተኛው ምድብ የደረሷትን ቤት ለቤት እየዞረች መጠይቅ ትሞላለች። የዶክትሬት ጽሑፏም በዚሁ ላይ ነው። ደንቡ አጭር ነበር፤ ጠይቂ፣ ጻፊ፣ አትምከሪ። ጠያቂዋ መምከር ከጀመረች ሁለቱን ምድቦች ማነጻጸር ከንቱ ይሆናል። በመከር ወራት አንድ ባልደረባዋ ለአንድ ሽማግሌ የኪኒን ሰዓት ሲያስተካክል ተገኝቶ ተሰናብቷል፤ የዞረባቸው ቤቶች መረጃም በሙሉ ተሰርዟል።

እማማ ፔና የደረሳቸው ዕጣ ሁለተኛው ምድብ ነበር።

መስኮቱ ሥር ትራስ ተደርቦላቸው ተቀምጠዋል። ጥያቄዎቹን በቀልድ እያዋዙ መለሱ። ከዚያ የአስታማሚው ተራ ደረሰ።

«ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ ከቤት ወጡ?» አለችው።

«ቆሻሻ ለመጣል መውረድ ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል።»

«እንግዲያው ሰባት ጊዜ» አለና ፈገግ አለ። «በጣም ዘዋሪ ሰው ነኝ።»

ካሎያን እናቱ እስኪታመሙ ድረስ በዳኑብ ላይ ጭነት በሚያመላልስ መርከብ መሪ ጨባጭ ነበር። እንጀራው ከቪየና እስከ ጥቁር ባሕር የተዘረጋ ውሃ ነበር። ከወረደ ሰባት ወሩ ነው። እናቱን ከአርባ ደቂቃ በላይ ብቻቸውን ትቶ አያውቅም።

«ጨው ከዚህ ቤት አጥፍቻለሁ» አላት፣ ማቀዝቀዣው ላይ ወደተለጠፈው የሆስፒታል ወረቀት በኩራት እያመለከተ። «ዳቦዋን እንኳ ራሴ ነኝ ያለ ጨው የምጋግርላት። ቆይ እማ፣ ጭማቂሽን አልጠጣሽም።»

በረንዳው ላይ ካለው በርሜል በብርጭቆ ቀድቶ መጣ። ክረምቱን በሙሉ የሚበላው ጥቅል ጎመን የተዘፈዘፈበት፣ የኮመጠጠ ውሃ ነው። የራዶስቲናም ቤተሰብ በረንዳ ላይ እንዲህ ያለ በርሜል አለ። አያቷ ጎመኑን ሲያስቀምጡ ጨዉን በእፍኝ ሳይሆን በኪሎ ነበር የሚጨምሩት።

«ካቻምናም አምናም ክረምቱን ያሻገረኝ ይኸው ነው» አሉ እማማ ፔና፣ እስከ ጭላጩ ጨልጠው። «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።»

የራዶስቲና እስክሪብቶ ቆመ። ካሎያን ባዶውን ብርጭቆ ተቀብሎ የእናቱን አገጭ በሽርጡ ጫፍ ጠረገ። ያቺ ነርስ ወደዚህ ቤት ብትላክ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን፣ ኮቷን ሳታወልቅ ታየው ነበር። ራዶስቲና ከንፈሯን ነክሳ ጻፈች፤ «ጭማቂ፣ በቀን ሁለት ብርጭቆ»።

በአሥረኛው ቀን ተመልሳ መጣች። የእማማ ፔና እግር አብጦ ካልሲው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሠርጎ ገብቷል። ጻፈችው። ሲያወሩ ትንፋሻቸው እያጠራቸው ነው። እሱንም ጻፈች። አሮጊቷ ሲያንቀላፉ ካሎያን ሻይ አፍልቶ አቀረበላትና መስኮቱ አጠገብ ቆመ። ከጉሙ ውስጥ የመርከብ ጡሩምባ ተሰማ።

«የሮማኒያ ነው» አለ ዞር ሳይል። «ባዶውን ነው የሚሄደው።»

«ይናፍቅዎታል?»

«ይሄ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ አለ?»

«የለም።»

ዞሮ አያት። እሷም አይኗን አልሰበረችም።

«ይናፍቀኛል» አለ በመጨረሻ። «ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እሷ ከሰማች ሂድ ትለኛለች፤ ሄጄ ደግሞ...» ቀሪውን በሻይ ዋጠው።

ተሰናብታው ወጣች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ጎመኑን ተወው። ከዚያስ? የዞረችባቸው ሠላሳ አንድ ቤቶች፣ የአንድ ዓመት ልፋት፣ የፕሮፌሰሯ እምነት። ደግሞ ያ ሁሉ ተበላሽቶ ነርሷ ለማንም ሳትመደብ ብትቀርስ? ቀኝ ኋላ ዞራ ወጣች። በሩ እንደልማዱ ሳታንኳኳ ተከፈተ።

«የረሱት ነገር አለ?»

አፏን ከፈተች። «ጓንቴን... ጓንቴን የረሳሁ መስሎኝ።»

ካሎያን እጇን አየ። ሁለቱም ጓንቶች እጇ ላይ ናቸው። ፊቱ ቀስ በቀስ በራ፤ ሰባት ወር እዚያ ቤት ያልታየ ደስታ ነበር። ራዶስቲና ምን ብሎ እንደተረጎመው ገባት። ትርጉሙ ውሸት ስላልነበረ ደግሞ ይበልጥ አመማት። ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

ከስድስት ቀን በኋላ ስልኳ ጮኸ።

«ሐሙስ አይምጡ» አለ ካሎያን፣ ድምፁ ሰልሎ። «ተመልሰን ሆስፒታል ገብተናል። ለመጠይቅዎ እንዲመች ልንገርዎ፤ ከወጣን በሃያ አንደኛው ቀን።»

ወረቀትም እስክሪብቶም ሳትይዝ ሄደች። እማማ ፔና አፍንጫቸው ላይ የኦክሲጅን ቱቦ ተደርጎ ተኝተዋል። ካሎያን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ቁጭ ሳትል ነገረችው። ስለ በርሜሉ፣ ስለ ጨዉ፣ ስለ ልብ። ነርስ የተላከላቸው ቤቶች ይህን የሚያውቁት ነርሷ ስለምትነግራቸው መሆኑንም ነገረችው።

ካሎያን መጀመሪያ መዳፎቹን አየ። «በቀን ሁለት ጊዜ» አለ። «በገዛ እጄ።» ከዚያ ቀና አለ። «ግን መጀመሪያ የመጣሽ ቀን ስቀዳላት አጠገቤ ነበርሽ። አይተሽ ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«ለጓንቱ የተመለስሽ ቀንስ?»

«እሱን ልነግርህ ነበር።»

«አንቺ» ሲላት የመጀመሪያው ነበር። በዚህ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም።

«ሂጂ» አላት።

በማግስቱ ፕሮፌሰር ኢስክራ ቢሮ ገብታ ሁሉንም ተናገረች። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን አሹ።

«ለእኔ እንኳ ልትደውዪ ትችዪ ነበር።»

«እንዳልባረር ፈራሁ።»

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ስጽፈው የታየኝ ግን ምድብ ነው፤ ለእናቱ ብርጭቆ የያዘ ልጅ አልነበረም። ጠያቂው አደጋ ካየ ዝም እንዳይል አስተካክለዋለሁ። አንቺን ግን ካሁን በኋላ ቤት ለቤት አልልክሽም። የዞርሽባቸው ቤቶች መረጃ እንደገና ይመረመራል፤ ጽሑፍሽ ቢያንስ ዓመት ይዘገያል።» ትንሽ አሰቡ። «ሴትዮዋ ደግሞ ከጥናቱ ከወጡ፣ ነርስ እንዳትሄድላቸው የሚከለክል ነገር የለም።»

የካቲት አልቆ መጋቢት ገባ። ከዚያ ቤት ምንም አልተሰማም። አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ፔና ራሳቸው ደወሉ።

«የላካችኋት ነርስ ጨካኝ ናት። በርሜሌን አስደፋችው» አሉ። «እኔ ግን ተንፍሻለሁ፤ እግሬም ጫማ ገብቶለታል። ልጄ ነው ግራ የገባኝ፤ ቃል አይወጣውም። አንቺም ወዲያ ዝም ብለሻል። በሁለት ዝምተኞች መሐል ታስሬ መሞት አልፈልግም። ነይ!»

ስትሄድ ካሎያን ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ወርዶ ጠበቃት። ደረጃው ላይ እሷ ታች እሱ ላይ ቆሙ።

«ነርሷን የላክሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ያደረግኩት እናትህን ከጥናቱ ማስወጣት ብቻ ነው።»

«ሥራሽስ?»

«ቢሮ አስቀምጠውኛል።»

ካሎያን የደረጃውን ብረት ጨበጠ። «አልተቆጣሁም ብዬ አልዋሽሽም፤ ተቆጥቻለሁ። በአንቺም በራሴም። የሚገርመኝ ግን፣ ስቆጣሽ ሁሉ ከታች የሚመጣ እግር ያንቺ ይሆን እያልኩ ሳዳምጥ ነበር የማመሸው።»

አንድ ደረጃ ወጣች። እሱም አንድ ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ፍቅራቸው በነርሷ ሰዓት ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ ነርሷ ከረፋዱ አምስት እስከ ስድስት ሰዓት ከእማማ ፔና ጋር ትቆያለች፤ እነሱ ከዚያች ሰዓት በላይ የራሳቸው የሚሉት ጊዜ አልነበራቸውም። ካሎያን ግን ወንዙ ዳር መሄድ አይወድም ነበር። ራዶስቲና ምክንያቱን ታውቃለች፤ አልጠየቀችውም። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ሐሙስ ግን እጁን ይዛ ወሰደችው።

ወደቡ ላይ አንድ መርከብ ገመዱን ፈቶ ቀስ እያለ ከዳር ይርቃል። ካሎያን ክው ብሎ ቆመ። ይሠራበት የነበረው መርከብ ነበር።

«ካሎያን!» ብሎ ጮኸ ከላይ አንድ ሰው። «ሞተ ብለውን እኮ ነበር!»

«ታስሬ ነው!»

«አሳሪህ እሷ ናት?»

መርከበኞቹ ሳቁ። በመርከቡና በዳርቻው መካከል ያለው ውሃ እየሰፋ ነው። አንድ ሽበታም ወጥ ሠሪ መዳፎቹን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ።

«እመቤቴ! ይሄን ሰው ታገቢዋለሽ ወይስ እንውሰደው?»

ካሎያን ወደ መርከቡ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ እሷ። በሁለቱም አስተያየቱ ውስጥ ያለው ናፍቆት አንድ ዓይነት ነበር። ራዶስቲና ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል ታውቃለች። ዳርቻው ጫፍ ድረስ ሮጠች።

«አገባዋለሁ!» ብላ ጮኸች። «በመከር ግን መጥታችሁ ትወስዱታላችሁ!»

ጡሩምባው ሁለት ጊዜ ጮኸ። ካሎያን እጇን አፈፍ አደረጋት።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተኸኛል። ሁለት ሳምንት ወንዝ፣ ሁለት ሳምንት ቤት። ጽሑፌን እናትህ አጠገብ ሆኜ እጽፋለሁ። ነርሷም አለች።»

«እማስ?»

«ጠይቄያቸዋለሁ። "እሱ ሳይቆጣጠረኝ ሁለት ሳምንት? ዛሬውኑ ይሂድልኝ" አሉ።»

ካሎያን ሳቀ፤ እየሳቀ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ፊቱንም አላዞረም። መርከቡ መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ተቃቅፈው ቆሙ። ከዚያ ራዶስቲና ሰዓቷን አየች፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘው ዳገቱን መሮጥ ጀመሩ።