ከኮምፓሱ ሥር

ነጯ ጀልባ ከማታ ጀምሮ ሐይቁ ዳር ካለው ማሰሪያ ላይ እንደ ወትሮዋ ታስራ አድራለች። ኮምፓሷ ከመሪው በላይ፣ ራዲዮዋ በስተቀኝ፣ የራዲዮው ስፒከር ደግሞ ርቆ ከኋላ ወንበር አጠገብ። ባዶ የነበረው መንገድ የሚያሳየው የጂፒኤስ ስክሪን ቦታ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ለጥገና ተነቅሏል።

የጀልባዋ ባለቤት በማዶው ከተማ የጀልባ ኤሌክትሮኒክስና የቤት ስልክ፣ የኢንተርኔት መሣሪያ ይሸጣል። ገዢው ሁሉ «መካሪው» ይለዋል። ምክር ሳይመርቅ ዕቃ አይሸጥምና። «ስፒከር ውስጡ ማግኔት ነው፤ ከኮምፓስ አታጠጉት» የሚለውን በትልቁ ጽፎ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባዋ በጉም ውስጥ ትልቁ ድንጋይ ላይ ወጥታ ተገኘች። መካሪው ከሥሯ ውኃው ውስጥ ሞቷል።

መርማሪዋ ከድንጋዩ ላይ ያልወረደችውን ጀልባ ገብታ አየች። እጇን ከመሪው ሰሌዳ ሥር ሰደደችና ክብ ብረት ነካች። ሌላ ስፒከር ነው፤ ልክ ከኮምፓሱ ሥር በአራት ብሎን ታስሯል። ጣቷን ስታወጣ ደረቅ የእንጨት ብናኝ ይዛ ወጣች። ቀዳዳው ገና ትኩስ ነው።

«አስተማሪው ራሱ ያስተማረውን ረሳ» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

«ወይም ከተማሪዎቹ አንዱ አልረሳም» አለች።

በማሰሪያው አጠገብ ያሉት ቤቶች ሦስት ናቸው፤ የመካሪው፣ የታናሽ ወንድሙና ጋሼ ሽቦ የሚባለው የሱቁ ጠጋኝ ቤት። መጀመሪያ ወደ ሚስትየዋ ሄደች።

«ትናንት እንዴት አድርጎ መጣ?»

«በዚሁ በተረገመ ጉም ውስጥ ነዋ! ስክሪን ሳትይዝ ብዬ በስልክ ብቆጣ ሳቀብኝ። ‹ስክሪን ይጠፋል፣ ኮምፓስ አይጠፋም› አለኝ። መጥቶም ማሰሪያው ላይ ቀጥ አለ።»

መርማሪዋ ልብ አለች። ኮምፓሱ እስከ ማታ እውነቱን ሲናገር ነበር፤ የዋሸው ከዚያ ወዲህ ነው።

«ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«እትዬ፣ ሃያ ዓመት ተጣልተናል። ልገድለው ብፈልግ በሠርጌ ሳምንት እገላገለው ነበር።» ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች።

መርማሪዋ ጥግ ላይ ያለውን የቤት ስልክ አየች። ሽቦው የሚወጣው ከግድግዳው ሳይሆን ከኢንተርኔቱ መሣሪያ፣ ከሞደሙ ጀርባ ነው። መብራት ከማታ ጀምሮ እንደጠፋ ነውና ሞደሙ ድፍን ብሏል። መነጋገሪያውን አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ጸጥ።

«ይኼንን እባክዎ ለሰው አያውሩት» አለች ሚስትየዋ። «ሰውን ሁሉ ‹አሮጌውን መስመር አትልቀቁ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግላችሁ እሱ ነው› እያለ፣ ይኼ ይረክሳል ብሎ ባለፈው ሳምንት እሱ ራሱ አስለወጠው። አፍሮ ከእኔና ከወንድሙ በቀር ማንም እንዳይሰማ አለ።»

ወንድምየው ማዶ፣ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«እንግዲህ ሱቁ የአንተ ሆነ» አለችው።

«ምን ላደርገው? የጀልባ ዕቃ አላውቅ! እኔ የቤት መስመር ነው የምሸጠው። ወንድሜ ‹አንተ ብሎን የሚዞርበትን አቅጣጫ እንኳ አታውቅም› ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ነው።»

«የወንድምህን ስልክ ከሞደሙ ጋር ያገናኘኸው አንተ ነህ?»

«እሱማ መሰካት ብቻ ነው። ማን ነገረዎት? በምስጢር ነበር እኮ!»

ጋሼ ሽቦ ቤቱ ውስጥ የመካሪውን ስክሪን ፈታቶ በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። ቀና ሳይል መለሰላት።

«ሲነጋጋ ቤቴ ነበርኩ። የሞባይል ኔትወርክ የለም፤ በቤት ስልክ ደወልኩለት። ‹ስክሪንህ እኔ ዘንድ ነው፣ ጉሙ ከብዷል፣ ዛሬ ቅር› አልኩት። ‹ኮምፓስ ይበቃኛል› ብሎ ዘጋብኝ።»

«መብራት ሳይኖር?»

«አሮጌው መስመር ከመብራት ጋር ምን አገናኘው? ኃይሉ የሚመጣለት ከቴሌ ጣቢያው በሽቦው ነው። ይኼን እንኳ እሱ ነው ሲሰብክ የኖረው።»

በግቢው ውስጥ በሸራ የተሸፈነች ትንሽ ጀልባ ነበረች። አፍንጫዋ ተሰብሯል። የማን እንደሆነች ጠየቀችው።

«የልጄ» አለ። «ያው ድንጋይ ነው የበላው።»

ሸራውን ራሱ ገለጠላት። መርማሪዋ ባትሪዋን አብርታ የመሪውን ሰሌዳ ከላይም ከታችም፣ ከዚያም ጀልባዋን እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ስትመረምር ቆየች። ጋሼ ሽቦ እጆቿን እንጂ ፊቷን አላየም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከመደርደሪያው ኮምፓስ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ስፒከር አስጠጋችለት። መርፌዋ ከሰሜን ሸሽታ ሌላ ቦታ ቆመች።

«መካሪው የሞተው በዚህ ነው» አለች። «ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ እያለ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ስፒከሩን እሱ አላሰረውም፤ ማታ ኮምፓሱ ደህና ነበር፣ ብናኙም ትኩስ ነው። ሌሊት ያሰረው ሰው ሁለት ነገር ያውቃል፤ ማግኔት ኮምፓስን እንደሚያሳስት፣ ስክሪኑም እንደሌለ።»

«ሦስታችንም እናውቃለን» አለ ወንድምየው።

«ልክ ነህ። ከሦስታችሁ ግን አንዱ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀመ። ጋሼ፣ የመካሪው ስልክ ከሞደም ጋር ከተገናኘ ሳምንት ሆኖታል። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይሞታል፤ ዛሬ ጠዋት ሊጠራ አይችልም። እነዚህ ሁለቱ ስለሚያውቁ እንዲህ ያለ ውሸት አይዋሹም። ሙያውን የማያውቅ ሰውም መብራት ጠፍቶ ደወልኩ ለማለት አይደፍርም። ይህን ውሸት የሚዋሸው አሮጌውን መስመር አሳምሮ የሚያውቅ፣ የመካሪውን ምክርም ያመነ ሰው ነው።»

ጋሼ ሽቦ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አየና ሳቀ።

«እስከ መጨረሻው አታለለኝ» አለ። «የልጄን ስፒከር ከኮምፓሱ ሥር ያሰረው እሱ ነበር፤ ቸኩሎ። ልጄ ሲሞት ‹እኔ ከኋላ ነው ያሰርኩት፣ ወደ ፊት ያመጣው ልጁ ነው› ብሎ መሰከረ። ልጄን ሁለቴ ገደለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! አብሬው እየሠራሁ፣ ስክሪኑ የሚበላሽበትን ቀን ስጠብቅ ኖርኩ። በዚያው ድንጋይ እንዲሞት፣ ሰውም ‹ራሱ ነው ያሰረው› እንዲልበት ፈለግሁ።»

«ልታስቀረው ትችል ነበር ጋሼ!» አለች ሚስትየዋ።

«እሱስ ልጄን?»



ፖሊሱ እጁን ሲይዘው አልታገለም። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ወደ መርማሪዋ ዞረ።

«ያኔ ‹ቀዳዳውን ቁጠሩ› ብዬ ለምኜ ነበር። ስፒከር ከቦታው ከተነሣ የድሮ ቀዳዳው ይቀራል። ማንም አልቆጠረልኝም። ዛሬ ቆጠርሽ?»

«ቆጠርኩ።»

«ንገሪያቸው።»

መርማሪዋ ወደ ሚስትየዋና ወደ ወንድምየው ዞረች። በልጁ ጀልባ ላይ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ የስፒከር ብሎን የገባበት ቀዳዳ አራት ነው። አራቱም ከኮምፓሱ ሥር ናቸው።